አስታማሚዋን ማን ይቁጠራት?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጥናት ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ወደ አኝዋኛና ወደ ኑዌርኛ ተተርጉሟል፤ እዚህ የታተመው የአማርኛው ቅጂ ነው።)

የተከበራችሁ እናቶቻችንና እኅቶቻችን፣ ውድ ደጋፊዎቻችን፤ ከላሬና ከኢታንግ ሌሊት ተነሥታችሁ የተጓዛችሁ፣ ከጎደሬ አንድ ቀን ቀድማችሁ የገባችሁ፣ በተለይ እናመሰግናችኋለን።

ባለፈው ጉባኤ ለንዑስ ኮሚቴያችን አንድ ሥራ ሰጥታችሁን ነበር። "ምሁራን ስለ ቤተሰብ ዝምድናና ስለ እንክብካቤ ብዙ ጽፈዋል ይባላል፤ እስቲ አንብቡና እኛን የሚመለከተውን በሚገባን ቋንቋ ንገሩን" ብላችሁናል። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። የመጣው ከቁጠባ ቡድኖቻችን ነው። ወርሃዊ ቁጠባዋን ያላመጣች አባል ምክንያቷን ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ ከቡድን ቡድን ይመሳሰላል። "የእኅቴ ልጆች እኔ ጋ መጡ"፤ "እናቴ አልጋ ላይ ዋለች"፤ "ባለቤቴን ሐኪም ቤት ይዤ ከረምሁ"። የቡድኑ ጸሐፊ ይህን ሰምታ ታዝናለች፤ ነገር ግን የምትጽፍበት ቦታ የላትም። መዝገባችን ያለው ሁለት ዐምድ ነው፤ "ከፍላለች" እና "አልከፈለችም"።

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ሦስተኛው ዐምድ ነው። ያነበብነው ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ አመጣን። ቤተሰብን አቁሞ የያዘው ሥራ የትም ስለማይጻፍ፣ ሥራውን የምትሠራው ሴት በመዝገብ ላይ ዕዳ የማትከፍል ሆና ትታያለች። በንግግራችን መጨረሻ ለድምፅ የሚቀርብ ሐሳብ አለን። ከዚያ በፊት ግን ምሁራኑ ያሉትን በተራ እንንገራችሁ።

አራት ቃል፣ አንድ እጅ

አማርኛ ለዚህ ሥራ አንድ ቃል ብቻ አላበጀለትም። ልጅ እናሳድጋለን፤ በሽተኛ እናስታምማለን፤ አረጋዊ እንጦራለን፤ አራስ እንጠብቃለን። አኝዋኛና ኑዌርኛ፣ ማጃንግኛ፣ ኦፖኛና ኮሞኛ የምትናገሩ እናቶችም የየራሳችሁ ቃላት አሏችሁ። ተመራማሪዎች አራቱንም ጠቅልለው "እንክብካቤ" ይሉታል። ለየብቻ ስንጠራቸው ለየሥራው ክብሩን እንሰጣለን። አንድ ላይ ስንጠራቸው ደግሞ አራቱንም የሚሠራው ብዙ ጊዜ አንድ እጅ መሆኑ ይታየናል።

ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጥ አንዲት አባላችንን እናንሣ። ጎሕ ሳይቀድ ውሃ ትቀዳለች። ዐይናቸው የደከመውን አማቷን አጣጥባ ቁርስ ታቀርብላቸዋለች። የሟች እኅቷን ሁለት ልጆች ከራሷ ልጆች ጋር አብልታ ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛለች። ዓሣዋን ይዛ ገበያ የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ብትሏት "ዓሣ እሸጣለሁ" ትላለች። እስከ ረፋዱ የሠራችውን ሥራ ብላ አትቆጥረውም፤ ጠያቂውም አይጽፈውም።

ይህን ለማስተካከል አንድ ጅምር በአገራችን ታይቷል። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሂዷል። እንዲህ ያለው ጥናት ሰው ቀኑን በየሰዓቱ በምን እንዳሳለፈ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ሲጠየቅ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ልጅ ማቀፉ፣ በሽተኛ ማገላበጡ ሁሉ ይወጣል። እኛ ሁልጊዜ ስንገናኝ የምንጠያየቀው "እንዴት ዋልሽ?" እያልን ነው። ይህ ሰላምታ ጥሩ የጥናት ጥያቄም ነው ማለት ነው። "ሥራሽ ምንድን ነው?" ሲባል የተደበቀው ቀን፣ "እንዴት ዋልሽ?" ሲባል ይገለጣል።

ልጁ የማን ነው? ልጁንስ ማን ያበላዋል?

ስለ ክልላችን ሕዝቦች ቤተሰብ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ከሚነበቡት መጻሕፍት ቀዳሚዎቹ የእንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት የኢቫንስ ፕሪቻርድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በያኔዋ ሱዳን ከኑዌር ሕዝብ ጋር ኖሮ፣ በ1940 ስለ ኑዌር፣ በዚያው ዓመት ስለ አኝዋ አስተዳደር፣ በ1951 ደግሞ ስለ ኑዌር ዝምድናና ጋብቻ መጻሕፍት አሳትሟል። የጻፈውን እዚህ የተቀመጣችሁ የኑዌር እናቶች ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ባል ሲሞት ወንድሙ ሚስቲቱን ይረከባል፤ የሚወለዱት ልጆች ግን በሟቹ ስም ይጠራሉ። ሳያገባ ለሞተ ሰው ዘመዱ በእሱ ስም ሚስት ያገባለታል። መውለድ ያልቻለች ሴት ከብት ከፍላ ሴት ልታገባና የልጆቹ አባት ተብላ ልትጠራ ትችላለች። ፕሪቻርድ ከዚህ ተነሥቶ በስም አባት የሆነውንና የወለደውን አባት ለይቶ አስቀመጠ። ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ በአንትሮፖሎጂ ትምህርት ይጠቀሳል።

መጻሕፍቱ ብዙ ያስተምራሉ። የመጽሐፎቹ ዋና ጥያቄ ግን "ልጁ የማን ነው?" የሚል ነው። ከብቱ ከየት መጣ፣ ስሙ ወደ ማን ይሄዳል፣ ውርሱ ለማን ይደርሳል ይላሉ። እኛ በየወሩ የምንጋፈጠው ጥያቄ ሌላ ነው፤ "ልጁን ዛሬ ማታ ማን ያበላዋል?" የሚል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አሜሪካዊቷ ሻሮን ሃቺንሰን ወደ ኑዌር ሕዝብ ተመልሳ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ ገንዘብ፣ ጦርነትና መንግሥት የቤተሰብን ሕይወት እንዴት እንደለወጡት አሳይታለች። ዝምድና በደምና በከብት ብቻ ሳይሆን አብሮ በመብላትም እንደሚሠራ ጽፋለች። እዚህ ላይ ቆም ብለን አሰብን፤ ምክንያቱም ነገሩ ለሁላችንም የሚታወቅ ነው። ደገኞቹ አባሎቻችን "እንጀራ እናት"፣ "እንጀራ አባት"፣ "እንጀራ ልጅ" ይላሉ። "የጡት ልጅ" የሚል ቃልም አለ። ኦሮምኛ "ጉዲፈቻ" የሚለውን ቃል ለአገሩ ሁሉ ሰጥቷል። እናትነት በእንጀራ ሊጠራ ከቻለ፣ ያበላ እጅ ዘመድ ያደርጋል ማለት ነው። ስለዚህ የማብላቱ ሥራ ቤተሰብን ራሱን የሚፈጥር ሥራ ነው፤ የቤት ጣጣ ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ጋምቤላ በጥናቶቹ ውስጥ የት አለች?

በኢትዮጵያ ስለ ልጆችና ስለ ቤተሰብ ከተደረጉት ትላልቅ ጥናቶች አንዱ "ያንግ ላይቭስ" ይባላል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት በአራት አገሮች፣ ማለትም በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም የሚካሄድ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ 3,000 ያህል ልጆችን ከልጅነት እስከ ጉልምስና ተከታትሏል። ልጆች የሚታዘንላቸው ተቀባዮች ብቻ እንዳልሆኑ፣ ታናናሾቻቸውን እንደሚይዙ፣ ቤት እንደሚሠሩ፣ ከብት እንደሚጠብቁ፣ ይህም ከትምህርታቸው ጋር እንዴት እንደሚጋጭ ከዚህ ጥናት ብዙ መማር ይቻላል። ጥናቱ የተካሄደባቸው 20 ቦታዎች ያሉት ግን በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይ፣ በያኔው ደቡብ ክልልና በአዲስ አበባ ነው። ጋምቤላ የለችበትም።

ጋምቤላ የምትገኝበት ሌላ ጥናት አለ፤ እሱም የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በክልላችን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሰዎች 6.5 በመቶው ኤች አይ ቪ በደማቸው እንዳለ አሳየ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ 1.5 በመቶ ነበር። በ2016 የእኛ ወደ 4.8፣ የአገሪቱ ወደ 0.9 በመቶ ወረደ። በሁለቱም ጊዜ ክልላችን ከሁሉም በላይ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች መድኃኒትና የጤና ባለሙያ እንዲመጣ ረድተዋል፤ ይህን እናመሰግናለን። ነገር ግን አንድ ሰው በታመመ ቁጥር አጠገቡ አንድ አስታማሚ አለች። ታማሚው በመቶኛው ውስጥ ገብቷል፤ አስታማሚዋ አልገባችም። ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ሲቆጠርም፣ ልጁን የተቀበለችው አክስት አብራው አልተቆጠረችም።

ዘመድ ይችላል ወይስ አይችልም?

ካነበብነው ሁሉ ለእኛ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የታተቅ አበበና የአስቢዮርን ኦሴ ጥናት ነው። ወላጅ አልባ ልጆችን ስለሚያሳድጉ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ይናገራል። ተመራማሪዎቹ ለሰባት ወር በመስክ ቆይተው ከ42 ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከ18 የቤተሰብ ኃላፊዎችና ከ12 የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ጋር በጥልቀት ተነጋግረዋል። ልጆች በትምህርት ቤት ታሪካቸውን እንዲጽፉም አድርገዋል።

በዚያን ጊዜ ምሁራን ሁለት ቦታ ተከፍለው ነበር። አንዱ ወገን "የዘመድ አዝማድ ሥርዓት ፈርሷል፤ ከዚህ በላይ ሊሸከም አይችልም" ይላል። ሌላው ወገን "ዘመድ ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ከተደገፈ ብዙ ልጆችን ያሳድጋል" ይላል። እኛም በየስብሰባችን እንዲህ እንከራከራለን። ጥናቱ ከሁለቱም ወገን አልቆመም፤ ዘመድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም አለ። አራት ዓይነት ቤተሰብ ለይቶ አሳየ፤ እየተሰበረ ያለ፣ በሽግግር ላይ ያለ፣ ራሱን ከአዲሱ ኑሮ ጋር እያላመደ ያለ፣ እና አቅም ያለው። በከተማና በገጠርም የማሳደግ አቅም እንደሚለያይ አመለከተ።

ይህን ይዘን አባሎቻችንን ስናስብ ብዙ ነገር ጠራልን። አንዲት አባላችን የወንድሟን ሦስት ልጆች ስትቀበል ሁለት ላምና የበቆሎ ማሳ ነበራት፤ አቅም ያላት ነበረች። አንደኛዋ ላም ለሕክምና ተሸጠች፤ ሴትዮዋ ሻይ መሸጥ ጀመረች፤ ራሷን አላመደች። ከዚያ እሷው ታመመች። በዚያ ወር ብድሯ ካልተራዘመ የሻይ ማፍያዋንና ወንበሮቿን መሸጧ ነው፤ ከሸጠች ደግሞ የምትመለስበት ሥራ የላትም። ቤተሰብ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚያልፈው እንዲህ ባለ አንድ ወርና በአንድ ዕቃ መሸጥ ነው። እርዳታ የሚጠቅመውም በዚያ ወር ነው። ከተሰበረ በኋላ የሚመጣ እርዳታ ዋጋው ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት ነው።

ከዚህ ጥናት ሁለተኛ ነገርም ተምረናል። እንክብካቤ የሚሄደው ከአሳዳጊ ወደ ልጅ ብቻ አይደለም። ልጁም ያስታምማል፣ ይላላካል፣ አያቱን ይመራል። ሴት አያት የልጅ ልጇን ታሳድጋለች፤ የልጅ ልጇ ደግሞ አያቷን ትጦራለች። ማን ማንን እንደያዘ መለየት እስኪያስቸግር ድረስ የተያያዘ ነው። ስለዚህ አንዷን ልጅ ነጥሎ "ወላጅ አልባ" የሚል ምልክት ለጥፎ ለሷ ብቻ ደብተርና ጫማ መስጠት፣ ከአንድ ገበታ የሚበሉትን ልጆች ያለያያል።

አገራችን በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ከልክላለች። ልጆቻችን በአገራቸው፣ በወገናቸው መካከል ይደጉ ማለት መልካም ነው። ነገር ግን "በወገን መካከል" ሲባል በተግባር የማን ቤት ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የእኛ ቤት ማለት ነው።

መርዶ ያልተነገረው ሐዘን

አሁን ከባዱን ነገር እናንሣ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሞቶባቸው ያለቀሱ አሉ። ያላለቀሱም አሉ፤ ያላለቀሱት ግን የሚያለቅሱበት ነገር አጥተው አይደለም። ቁርጡን ስላላወቁ ነው።

ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታለች። በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን ጉዳት "ያልጠራ እጦት" ልንለው በምንችል ስም ጠርታዋለች። ሰውዬው በአካል የለም፤ በልብ ግን አለ። ወይም ደግሞ በአካል አለ፤ በአእምሮ ግን ሄዷል። ቦስ እንደምትለው ይህ ከባድ የሆነው ሰዎቹ ደካማ ስለሆኑ አይደለም፤ ነገሩ ራሱ መቋጫ ስለሌለው ነው። በእኛ አገር አነጋገር፣ መርዶ ካልተነገረ ልቅሶ አይቀመጡም፤ ድንኳን አይተከልም፤ እድር አይመጣም። የሚያጽናና ጎረቤት ሳይኖር ሐዘኑ ብቻ በቤት ይቀመጣል።

ይህ በእኛ ክልል አዲስ አይደለም። በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች ያለ ወላጅ በእግራቸው ተጉዘው ፑኝዶ ደረሱ። በቡድን ተከፋፍለው፣ ምግባቸውን ራሳቸው እያበሰሉ፣ በጥቂት አሳዳጊዎችና መምህራን ጥበቃ አደጉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ እንደገና ተሰደዱ። ከእነሱ ብዙዎቹ በኋላ ወደ ኬንያ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዱ። ቶም ላስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ከእነዚህ ውስጥ 10 ሰዎችን አነጋግረዋል። አሥሩም ከወላጆቻቸው ወይም ከወንድም እኅቶቻቸው ቢያንስ አንዱ በሕይወት እንዳለ በመጨረሻ አውቀዋል። ተለያይተው የቆዩት ግን ለ13 ዓመት ያህልና ከዚያ በላይ ነው። ቤተሰባቸውን ካገኙ በኋላ ደግሞ በባዕድ አገር እየኖሩ የሩቅ ቤተሰብን ኃላፊነት መሸከም ሌላ ፈተና ሆነባቸው።

ይህን ያነበብነው ታሪክ ለማወቅ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን እንደገና ጦርነት ሲነሣ፣ ወደ ኩሌ፣ ወደ ተርኪዲ፣ ወደ ጀዊና ወደ ንጉኒኤል መጠለያዎች ከገቡት ስደተኞች የሚበዙት ልጆች ነበሩ። ከዘመድና ከጎሣ ሰው ጋር የተጠጉም ብዙ ናቸው። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትም ወሰዱ። ከተወሰዱት የተመለሱ አሉ። ልጇ ያልተመለሰ እናት ግን ዛሬም የማን እናት እንደሆነች ስትጠየቅ የልጇን ስም ትጠራለች።

እንዲህ ያለች እናት ወይም አክስት የሌላ ሰው ልጅ ተቀብላ ታሳድግ ይሆናል። በአንድ ልቧ የጠፋውን ትጠብቃለች፤ በሌላው ያገኘችውን ታጎርሳለች። ከእሷ ጋር የምንቀመጥበት ሥርዓት ያስፈልገናል። መርዶ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም።

የአስታማሚዋ ድካም

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በምትገኘው ቡታጅራ ለብዙ ዓመታት ስለ አእምሮ ሕመም ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል። ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን ከባድ የአእምሮ ሕመም ይመለከታል፤ ያተኮረው ግን በሕመምተኞቹ ዘመዶች ላይ ነው። የእነዚህ ዘመዶች ጫና ከባድ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም በላይ የተጠቀሰው የገንዘብ ችግር ነው። በሥራ በኩል ያለው ጫና በሴቶች ላይ ይበረታል። ለዚህ ጫና ዘመዶቹ ከሚይዟቸው መጽናኛዎች ብዙ ጊዜ የተጠቀሰው ጸሎት ነው።

ጸሎት ኃይል እንደሆነ እናምናለን፤ አንዳችንም አንተወውም። ነገር ግን አንዲት አስታማሚ ያላት ድጋፍ ጸሎቷ ብቻ ከሆነ፣ ጎረቤቶቿ የት ነበሩ ብለን መጠየቅ ይገባናል። ማኅበር የተቋቋመው ለዚህ ነው።

ሥራው የሴት ብቻ ነው ማለታችንም አይደለም። የፑኝዶዎቹ ወንዶች ልጆች አብስለው በልተዋል። ልጅ ሆነው የቻሉትን አዋቂ ወንዶች አይችሉም ማለት አይቻልም። ለባሎቻችንና ለወንድሞቻችን ይህን ታሪክ ብንነግራቸው መልካም ነው።

ሦስተኛው ዐምድ

አሁን ወደ ሐሳባችን እንምጣ። ሦስት ነገሮችን ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የቁጠባ ቡድን መዝገብ ላይ "በእንክብካቤ ላይ ነች" የሚል ሦስተኛ ዐምድ ይጨመር። ጸሐፊዋ የምትጽፈው ማሳደግ፣ ማስታመም፣ መጦር ወይም አራስ መጠበቅ ከሚሉት አንዱን፣ ሥራው የተጀመረበትን ወርና በቤቱ ያሉትን ሰዎች ቁጥር ብቻ ነው። የበሽታ ስም በፍጹም አይጻፍም። የሰው ምስጢር በመዝገባችን አይወጣም።

ሁለተኛ፣ በዚህ ዐምድ የተመዘገበች አባል እስከ ሦስት ወር ድረስ የብድር ክፍያዋ ያለ ቅጣት ይራዘምላት፤ ከአባልነት ተራዋም አትውረድ። ሁለት የቡድኗ አባላት ቤቷ ሄደው አይተው ይመስክሩላት።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ቡድን በሳምንት ግማሽ ቀን በተራ እየሄደ አስታማሚዋን ያሳርፋት። ይህን ከማንም ምሁር መማር አያስፈልገንም። ወንፈልና ደቦ የምናውቀው ነው። ለእርሻ የምንሰጠውን ጉልበት ለአንዲት እኅት እንቅልፍ እንስጥ ነው የምንለው።

ሐሳቡን ለቡድኖች ስናስተዋውቅ የቀረበብን ተቃውሞ አለ፤ ልንደብቀው አንፈልግም። "የብድሩ ገንዘብ የሁላችንም ቁጠባ ነው። እዚህ አገር ሰው የማታሳድግ፣ የማታስታምም ሴት ማን አለች? ሁሉም ይራዘምልኝ ካለ ማን ይከፍላል?" ተብለናል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ያነሡትም እናቶች ራሳቸው ብዙ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። የእኛ መልስ እንዲህ ነው። ማራዘም ምሕረት አይደለም፤ ዕዳው ይከፈላል፤ የሚለወጠው ጊዜው ነው። የሻይ ማፍያዋን ሳትሸጥ ሦስት ወር ያለፈች ሴት ትከፍላለች፤ የሸጠች ግን ከየት አምጥታ ትከፍላለች? ስለዚህ ጊዜ መስጠቱ የሁላችንንም ገንዘብ ይጠብቃል። ይህም ሆኖ በአንድ ጊዜ ብዙ አባላት ቢመዘገቡ ሣጥኑ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቡድን ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚራዘምላቸው አባላት ቁጥር ይወሰን እንላለን። ስንት ይሁን የሚለውን እናንተ ተወያይታችሁ ወስኑ።

ውድ ለጋሾቻችን፤ ከእናንተ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። እርዳታችሁን ለቤቱ ስጡ፤ ከአንድ ገበታ የሚበሉትን ልጆች አትለያዩብን። ሪፖርት ስትጠይቁን "ስንት ሴቶች ሠለጠኑ?" ከሚለው ጋር "እንዴት ዋሉ?" የሚለውንም ጠይቁን፤ መዝገባችን ከዛሬ ጀምሮ መልስ ይኖረዋል። የምትችሉ ደግሞ ክፍያው ለሚራዘምባቸው ወራት መጠባበቂያ የሚሆን ገንዘብ በሣጥናችን አስቀምጡልን። ገንዘቡ እየተመለሰ ለሌላዋ የሚያገለግል ይሆናል።

ለተመራማሪዎችም መልእክት አለን። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የሚማሩትም ልጆቻችን ናቸው። ክልላችን በብዙ ትላልቅ ጥናቶች ውስጥ የለችም ብለናል። ሦስተኛው ዐምድ ለሁለትና ለሦስት ዓመት በጥንቃቄ ከተሞላ፣ ስለ ጋምቤላ አስታማሚዎች ጥሩ መረጃ የሚገኝበት አንዱ ቦታ የእኛ ደብተር ይሆናል። መጥታችሁ አብራችሁን ሥሩ፤ ስታጠናቅቁም ውጤቱን እዚህ አዳራሽ መጥታችሁ ንገሩን።

እናቶቻችን፣ እኅቶቻችን፤ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል። ሎሚውን ለመከፋፈል ግን መጀመሪያ ማን ስንት እንደተሸከመች ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ድምፅ የምትሰጡት ለዚህ ነው። አዲሱ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መስመሩም ተሰምሯል። የቡድን ጸሐፊዎች ከውይይቱ በኋላ ወደ ፊት እንድትመጡ እንጠይቃለን።